ዘጠኝ ቮልት

ዛሬ ስለ ምንዛሪ ተመን አልጽፍም። ስለ በጀት ጉድለትም፣ ስለ ሹም ሽርም አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ አዳፕተር ነው። ወደዚህ ቻናል የመጣችሁት ለትንታኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለአንድ ሳምንት ታገሡኝ። ትዕግሥት ያነሰው ይለፈው፤ ቅር አልሰኝም።

ጥቂቶቻችሁ ታውቁ ይሆናል፤ አሁን ቀን ቀን ከቁጥርና ከሪፖርት ጋር ስታገል ብውልም፣ በወጣትነቴ ለ11 ዓመት በየሠርጉና በየምሽት ቤቱ ጊታር ተጫውቻለሁ። ያደግሁት የሮሃ ባንድን ካሴት እያጠነጠንኩ፣ የሰላም ሥዩምን ጊታር በጆሮዬ እየለቀምኩ ነው። ካሴቱን ወደኋላ መልሼ መልሼ ሪባኑ እስኪሳሳ። እጄ ቢፈታም ጆሮዬ አልፈታም። የታናሽ እህቴ ልጅ ጊታር ሲጀምር ታዲያ ቤተሰቡ ውስጥ በደስታ ያበደው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቱ ዛሬም ድረስ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ትለኛለች።

ልጁ አሁን 22 ዓመቱ ነው። አንድ የሠርግ ባንድ ውስጥ ይጫወታል። ባንዱ ጥሩ ኦርጋኒስት አለው፣ ጥሩ ድራመር አለው፤ ልጁ ግን ጊታሩን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰክቶ ነበር የሚሠራው። ኢፌክት የለውም። ጊታር ያለ ኢፌክት በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚመስል የሰማ ያውቀዋል፦ ደረቅ ሽምብራ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ። የባንዱ መሪም «ከጥምቀት በኋላ ላለው ሠርግ ኢፌክት ካላመጣህ ሌላ ሰው እንወስዳለን» ብሎት ነበር።

ግዛ ማለት ይቀላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ200 ዶላር የሚሸጥ መጠነኛ ማሽን በፊተኛው ሒሳብ 11,400 ብር ነበር፤ በኋለኛው 20,000 ብርን ዘለለ፤ ይህ ቀረጥም፣ የነጋዴ ትርፍም፣ የማጓጓዣም ሳይጨመርበት ነው። (አልጽፍም ብዬ ነበር አይደል? ልማድ ነው።) ስለዚህ ቤተሰቡ እንደ ወትሮው ወደ ቨርጂኒያ ደወለ። እዚያ ያለችው ታላቅ እህታችን፣ እትዬ የምንላት፣ ያገለገለ ማሽን ከአንድ ሰው ገዝታ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ላከችለት። ሐሙስ ማታ ደረሰ። ሠርጉ እሑድ ነበር።

ለማያውቅ ልግለጽ። መልቲ ኢፌክት የሚባለው ማሽን ከእግር ሥር የሚቀመጥ የብረት ሳጥን ነው። ከጊታሩ የሚመጣውን ድምፅ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ቁጥሩ ላይ ሒሳብ ይሠራል፤ መልሶ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ዲስቶርሽኑም፣ ዋዋውም፣ ኮረሱም፣ ዲሌዩም፣ ሪቨርቡም በዚያች ሳጥን ውስጥ ያለ ሒሳብ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ለየብቻ ፔዳል ነበር፤ አምስት ፔዳል፣ አምስት ገመድ፣ አምስት ባትሪ ድንጋይ። አሁን አንድ ሳጥን ነው። አንድ አዳፕተር።

ሐሙስ ማታ ልጁ ሳጥኑን ከፍቶ አዳፕተሩን ወደ ሶኬት ሲያስጠጋ እጁን ያዝኩት። መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን አነበብኩ፦ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ የስልክ ቻርጀር አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ስለሚል ሰው ተዘናግቷል፤ የሙዚቃ ዕቃ አዳፕተር ግን፣ በተለይ ያ ከበድ የሚለውና ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው፣ ብዙ ጊዜ 120 ብቻ ነው። 220 ላይ ሲሰካ ወይ ራሱ ይቃጠላል ወይ ከመቃጠሉ በፊት እጥፍ ቮልት ወደ ማሽኑ ይለቃል። «አየህ?» አልኩት። «ማንበብ ደግ ነው።» ልጁ በአድናቆት አየኝ። ያቺን አስተያየት አልረሳትም፤ ዋጋ አስከፍላኛለችና።

አርብ ጠዋት ልጁ የጊታር ክር ሊገዛ ወጣ። እኔ ሳሎን ብቻዬን ነኝ። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጀርባው ላይ «9 ቮልት ዲሲ» ይላል። ቀና ስል የኢንተርኔቱ ራውተር ከመደርደሪያው ላይ አረንጓዴ መብራቱን ያጭበረብራል። አዳፕተሩን ነቅዬ አየሁት፦ ግቤት ከ100 እስከ 240፣ ውጤት 9 ቮልት። ጫፉም ይገባል። ዘጠኝ ዘጠኝ ነው ብዬ ሰካሁት።

መብራቱ ብልጭ እንኳን አላለም። ምንም። ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ፤ ምንም። በቀስታ የመቃጠል ሽታ መጣ፤ ያቺ ሽታ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች ያውቋታል።

ያላነበብኩት አንዲት ትንሽ ሥዕል ነበረች። በማሽኑ ጀርባ፣ ከቮልቱ አጠገብ፣ ክብ ተሥላለች፤ በግራና በቀኝዋ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ። የምትናገረው የጃኩ መሃል ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ነው። የጊታር ኢፌክቶች አብዛኞቹ መሃላቸው ኔጌቲቭ ነው። ራውተሩ፣ ካሜራው፣ ሌላው የቤት ዕቃ ግን አብዛኛው መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ጫፉ አንድ ዓይነት፣ ቮልቱ አንድ ዓይነት፣ ኤሌክትሪኩ ግን በተቃራኒ በር ይገባል። በዚያ ላይ ከጥንቶቹ ማሽኖች መካከል ዲሲ ሳይሆን 9 ቮልት ኤሲ የሚፈልጉ አሉ፤ እነሱ ደግሞ በዲሲ አዳፕተር አይሠሩም። አምፔርም አለ፦ ማሽኑ 500 ሚሊ አምፔር ከፈለገ አዳፕተሩ 500 ወይም ከዚያ በላይ መስጠት አለበት። ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ማሽኑ የሚወስደው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ ካነሰ ግን ማሽኑ ይበራና መሃል ላይ ይጠፋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለሰው አስተምሬዋለሁ። አርብ ጠዋት ግን ቁጥሯን ብቻ አይቼ ሰካሁ።

አዳፕተሩን ወደ ራውተሩ መለስኩ። አረንጓዴው መብራት በራ። ተቀመጥኩ።

ልጁ ክሩን ይዞ ገባ። «ጋሼ፣ አዳፕተር አገኘህ?»

ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። «ማሽኑ ከመንገድ የተበላሸ ይመስለኛል» አልኩት። «ሻንጣ ውስጥ ሲወረወር ተመቶ ይሆናል።»

ቀጥሎ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ልጁ ለእናቱ ነገራት። እናቱ ቨርጂኒያ ደወለች። እትዬ «እኔ ሞክሬ ነው የገዛሁት፤ ስላገለገለ ናቃችሁት እንጂ» ብላ ተቆጣች። እህቴም መለሰችላት። በሁለት እህትማማቾች መካከል፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ ከኢፌክት ማሽን ተነሥቶ እስከ እናታችን ተዝካር ወጪ ድረስ የደረሰ ጠብ። እኔ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እዚህ ቻናል ላይ አንድ ጽሑፍ ለጥፌ ነበር፤ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ለእያንዳንዱ ውድቀት «ዓለም አቀፍ ሁኔታ» የሚል ምክንያት ስለሚሰጡ ባለሥልጣናት ነበር። ብዙ አጨበጨባችሁልኝ።

ቅዳሜ በጠዋት መርካቶ ሄድን። ከፎቅ ሥር፣ በደረጃ መሃል፣ አንድ ሰውና አንድ በርጩማ ብቻ የምትይዝ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአምፖል ሬዲዮ ጀምረው፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ አሁን ደግሞ የስልክ ቻርጀር ይጠግናሉ። ጊታር ነክተው አያውቁም። ማሽኑን አገላብጠው አዩትና ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም። ቴስተራቸውን አወጡ፤ ሁለቱን ጫፎች የአዳፕተሩ ጃክ ላይ አሳረፉ። ቴስተሩ ጮኸ። ሾርት።

ልጁን ሻይ እንዲያመጣ ላኩት። ሽማግሌው ብሎኖቹን እየፈቱ፣ ቀና ሳይሉ፦

«በተቃራኒ የሰካው ማነው?»

«ከውጭ አገር ነው የመጣው ጋሼ፤ ምናልባት በመንገድ…»

«መንገድ ሶኬት የለውም» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ከጃኩ አጠገብ ያለች፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ጥቁር ዕቃ አሳዩኝ። ዳዮድ ናት። ሥራዋ ዘብነት ነው፦ ኤሌክትሪኩ በትክክል ሲገባ ዝም ትላለች፤ በተቃራኒ ሲመጣ ሁሉንም በራሷ ላይ ታሳልፍና ወደ ውስጥ እንዳይገባ ታደርጋለች፤ ብዙ ጊዜም ራሷ ተቃጥላ ትቀራለች። ያኔ ሁለቱን ጫፎች አገናኝታ ስለምትቀር ትክክለኛው አዳፕተር ቢመጣ እንኳን ማሽኑ አይነሣም። አንድ እግሯን ከቦርዱ በያጅ አነሡት። ቴስተሩ ዝም አለ። ከአሮጌ ቦርድ ላይ ሌላ ዳዮድ ነቅለው ተኩ። ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ነው።

ከዚያ ከቅርጫታቸው አንድ የራውተር አዳፕተር መዘዙ፤ 9 ቮልት፣ 1 አምፔር። ገመዱን መሃል ላይ ቆረጡት፤ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይረው በየዱና በቴፕ ጠቀለሉት። በቴስተር ለክተው መሃሉ ኔጌቲቭ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ በነጭ ቀለም ትልቅ አድርገው «ጊታር» ብለው ጻፉበት።

«ይሄ ደግሞ ራውተር ላይ እንዳይሰካ» አሉና ዓይኔን አዩኝ። «ልጁን ንገረው። ለጽድቅ ብዬ አይደለም። በምን እንደተበላሸ ካላወቀ ነገ እሱም ይሰካዋል።»

ልጁ ሻይ ይዞ ደረሰ። ማሽኑ ሲበራ ያቺን ጠባብ ሱቅ ሊያፈርሳት ደረሰ። እኔም አልነገርኩትም።

ከሰዓት በኋላ ባንዱ ወደሚለማመድበት ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ሄድን፤ ሌሎቹ ስላልመጡ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ማሽኑን ሚክሰር ላይ ሰክተን አንድ ዲስቶርሽን ሞከርን። የንብ መንጋ! ቀጭን፣ የሚያሳክክ፣ ጥርስ የሚያስፍቅ ድምፅ። ሌላ ፕሪሴት፤ ሌላ ንብ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ «ሽማግሌው ያበላሹት ነገር ይኖር ይሆን?» አለኝ። እኒያ ሰውዬ የእኔን ጥፋት ጠግነው የእኔን ጥፋት ሊሸከሙ ሆነ።

ነገሩ ግን ብልሽት አልነበረም። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ብዙም አያወጣም፤ የዲስቶርሽንን ፉጨት የሚያለዝበው እሱ ነው። የአዳራሽ ስፒከር ግን ሁሉንም ያወጣል። ስለዚህ ማሽኖቹ ውስጥ የስፒከር ሣጥንን የሚያስመስል ሒሳብ አለ፤ ወደ ሚክሰር ሲሰካ ይበራል፣ ወደ ጊታር አምፕ ሲሰካ ይጠፋል። የቀድሞው ባለቤት አምፕ ላይ ይጠቀምበት ስለነበር የመውጫውን ምርጫ «አምፕ» ላይ ትቶታል። ይህ ምርጫ ደግሞ በእያንዳንዱ ፕሪሴት ውስጥ ሳይሆን ለማሽኑ በሙሉ በአንድ ቦታ የሚቀመጥ ነው። ለዚህ ነው ፕሪሴት ብንቀያይር ምንም ያልተለወጠው። ከዋናው ሴቲንግ ገብተን «ላይን» አልነው። ንቡ ሄደ። ልጁ ጊታሩን አቅፎ ቀረ። ሽማግሌውም ነጻ ወጡ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደርሶ ማሽኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰዋል፤ አንድ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ማብራት ነው፣ ይሠራልም። ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። በዚህ ማሽን ላይ የቀድሞው ባለቤት ድምፆቹን በሰው ስም ሰይሟቸው ነበር፤ የልጆቹ ስም ይመስላል። ልጁ «አናጥፋቸው ጋሼ» አለኝ። መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን አስቀመጥናቸው። ዛሬም አሉ።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ልምጣ፤ ሙዚቃ የማይስባችሁ ሁለት አንቀጽ ዝለሉ።

የእነዚህ ማሽኖች ፕሪሴቶች የተሠሩት ለሌላ ሰው ዘፈን ነው። ዲሌዩን ውሰዱ፤ የተጫወታችሁትን ኖታ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልሰው ማለቴ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ፕሪሴት ማሚቶውን ከምቱ ሦስት አራተኛ ላይ ይጥለዋል፤ ለሮክ ያምራል። የእኛ ቺክቺካ ግን እያንዳንዱ ምት ለሦስት የሚከፈል ነው። በደቂቃ 120 ምት ብንጫወት፣ 60,000ን ለ120 ስናካፍል አንድ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ለሦስት ሲከፈል 167፣ 333፣ 500 ላይ ነው ትከሻ የሚወድቀው። የፋብሪካው ማሚቶ 375 ላይ ይመጣል። ከ333 ዘግይቶ፣ ከ500 ቀድሞ፤ እስክስታ መሃል እንደሚገባ ሰካራም። ልጁ ለወራት በጓደኛው ማሽን ሲሞክር «ዲሌይ ለአበሻ ዘፈን አይሆንም» ብሎ ደምድሞ ነበር። 333 ላይ አደረግነውና የድራሙን ምት በእጄ ጭን ላይ መታሁለት። ሁለተኛ ጊታሪስት የገባ መሰለን።

ሃርሞኒውም እንዲሁ ነው። አንድ ኖታ ስትጫወቱ ሌላ ኖታ ከላዩ የሚጨምር ኢፌክት አለ፤ ቁልፉንና ስኬሉን ትነግሩታላችሁ፣ ሜጀር ወይም ማይነር። ትዝታ ሜጀርን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ስትጫወቱ ማሽኑ በሜጀር ሕጉ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ ዶ ይጨምርላችኋል። ፋ እና ሲ ትዝታ ውስጥ የሉም። ሰው «የሆነ ነገር ሸተተ» ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። አንቺ ሆዬማ ጭራሽ በዝርዝሩ የለም። ደግነቱ ይህ ማሽን ለእያንዳንዱ ኖታ የፈለጉትን ጓደኛ መስጠት የሚቻልበት ቦታ ነበረው። ለዶ ሚን፣ ለሬ ሶልን፣ ለሚ ላን፣ ለሶል ዶን፣ ለላ ሬን ሰጠን። አንድ ሰዓት ፈጀብን። ሲጫወተው አንገቴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ለባቲና ለአምባሰል ሌላ ቀን ቀጠሮ ያዝን።

ልጁ በሄድፎን ድምፆቹን ማስተካከል ይወዳል፤ ከለከልኩት። በ1933 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የለኩት ነገር አለ፦ ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ወፍራሙንና ቀጭኑን ከመሃለኛው ይበልጥ ያጣል። በሌሊት ቀስ ብሎ የሚያስተካክል ሰው ታዲያ ወፍራሙንና ቀጭኑን ይጨምራል፤ አዳራሽ ሄዶ ሲከፍተው ወፍራሙ ከቤዙ ጋር ይጣላል፣ ቀጭኑ ጆሮ ይበሳል፣ ጊታሩ የሚሰማበት መሃሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ቆርቆሮ ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ ከፍተን አስተካከልን። ጎረቤት ሁለት ጊዜ መጣ።

ማታ አራት ሰዓት ገደማ ገመድ ስንጠቀልል፣ ልጁ ያን «ጊታር» የተጻፈበትን አዳፕተር እያየ «ሰውዬው ለምንድነው እንዲህ የጻፉት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። ራውተሩን፣ ክቧን ሥዕል፣ ሽታውን፣ «ከመንገድ» ያልኩትን፣ ሁሉንም። ገመዱን እየጠቀለለ ሰማኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። የመጣው የባሰ ነበር።

«እኔኮ ሌሊቱን ሙሉ እትዬን ስረግማት ነው ያደርኩት» አለኝ።

ቨርጂኒያ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። እዚያው ከስፒከሩ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «ያንን ሁሉ የምትጽፈው አንተ ነህ?» አለችኝ። ይህን ቻናል ትከታተላለች። አሁንም እያነበበችው ነው።

እሑድ አዳራሽ ስንደርስ ሌላ ጣጣ ጠበቀን። ማሽኑ ሲሰካ ከስፒከሩ ወፍራም እምምም የሚል ጩኸት ወጣ። የሳውንድ ባለሙያው «ዕቃችሁ ነው» አለ፤ ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ይላል። ግምት ትተን አንድ በአንድ ሄድን። የጊታሩን ቮልዩም ዘጋን፤ ጩኸቱ አለ። የጊታሩን ገመድ ከማሽኑ ነቀልን፤ አለ። ስለዚህ ጊታሩና ገመዱ ንጹሕ ናቸው። ማሽኑን ከሚክሰሩ ነቅለን ሄድፎን ሰካን፤ ዝም። ማሽኑም ንጹሕ ነው። የቀረው በማሽኑና በሚክሰሩ መካከል ያለው ነው። ገመዱን ቀየርን፤ አለ። አጠገቡ ካለው የልጆቹ ዲቫይደር ላይ ማሽኑና የኦርጋኑ አምፕ ተሰክተዋል፤ ማሽኑ በድምፅ ገመድ ከአምፑም ጋር ተያይዟል። ሚክሰሩ ግን ከሌላው የአዳራሹ ጫፍ፣ ከሌላ መስመር ነው መብራት የወሰደው። ሁለት የመሬት መስመር፣ በመሃል የድምፅ ገመድ፤ ልዩነታቸው በገመዱ በኩል ይፈስሳል፤ የመብራታችን 50 ኸርዝ ዜማ ሆኖ ይሰማል።

ባለሙያው ፒንሳ አውጥቶ የአምፑን ሶኬት የመሬት እግር ሊቆርጥ ተነሣ። እጁን ያዝኩ። ይህን በጣም አጥብቄ ልንገራችሁ፤ ልጅ ያላችሁ፣ ሙዚቃ የምትሠሩ፣ አዳራሽ ያላችሁ። የመሬት መስመር ሲቆረጥ ጩኸቱ ይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን በአምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ከብረቱ ጋር ቢነካካ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መሬት የለውም፤ የሚሄደው የጊታሩን ክር በያዘውና ከንፈሩን ማይክ ላይ ባደረገው ሰው በኩል ነው። ለዚህ ሥራ የተሠራ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ዲ አይ ይባላል፤ ከጎኑ የድምፁን የመሬት መስመር ብቻ የምትለይ ማብሪያ አላት። ባለሙያው አንድ ነበረችው፤ ከሻንጣው ሥር። ሰካናት፤ ማብሪያዋን ገፋናት። ጸጥ።

ከጩኸቱ ሥር ተደብቆ የነበረ ስስ ፉጨትም ተሰማን፤ እሱ ከዚያ ከርካሽ አዳፕተራችን ነበር። ዲስቶርሽን ላይ ብቻ ነው የሚሰማው። በሠርግ መሃል ማን ይሰማዋል ብለን ተውነው። ኖይዝ ጌት የሚባለውን አጥብቆ መዝጋት ይቻል ነበር፤ ግን የትዝታን ረጅም ኖታ ጅራቱን ይቆርጠዋል። ፉጨቱ ይሻላል።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ከጓዳው በር አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ላይ ልጁ ፈርቶ ዓይኑን ከማሽኑ አላነሣም። ሦስተኛው ላይ ቺክቺካው ገባ፤ ማሚቶው 333 ላይ ወደቀ፤ ድራመሩ ዞር ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ ልጁ ወደ እግሩ አላየም። እህቴ ከአጠገቤ ቆማ በስልኳ ቀርጻ ለእትዬ ላከች። እስከዚያች ሰዓት አልተነጋገሩም ነበር። እትዬ የመለሰችው አንድ መስመር ነው፦ «ያን የ120 ቮልት አዳፕተር መልሱልኝ፤ እዚህ ይሠራል።»

ባለፈው ሳምንት ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ ለማሽኑ አዲስ ሶፍትዌር ወጥቷል ይላል፤ ልጫነው?»

«ለመቼ ነው ሠርግ ያለህ?»

«ቅዳሜ።»

«ተወው» አልኩት። ሲጫን መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ማሽኑ ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ እንደገና አስነሥቶ መጫን ይቻላል፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት የሚሞከር ነገር አይደለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም፤ ያኔ ጀነሬተር ካለበት ቤት ሄደን፣ ድምፆቹን መጀመሪያ ገልብጠን፣ አብረን እንጭነዋለን አልኩት።

«አዳፕተሩን ግን እኔ ነኝ የምሰካው» አለኝ።

እሺ አልኩት።